በዕቃ ካርቶን ውስጥ የምትመጣው የ100 ዶላር የወይን ቫውቸር፦ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ይቺን ወረቀት ታውቋታላችሁ። ለልጅ ጫማ በኦንላይን አዝዛችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ ከዕቃው በላይ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። «የ100 ዶላር የወይን ስጦታ» ትላለች። ኮድ አላት፣ የጠርሙስ ፎቶ አላት፣ «እስከዚህ ቀን ብቻ» የሚል ቀነ ገደብም አላት። እንግሊዝ ያላችሁም በፓውንድ ተጽፋ ትደርሳችኋለች።

ምረቃው፣ ሰርጉና ክርስትናው በሚደራረብበት ሰሞን ብዙ ሰው ይቺን ወረቀት ከመሳቢያ ያወጣታል። «ለድግሱ 12 ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ካገኘሁ ምን አለበት?» ይላል። አለበት እንጂ። ወረቀቷ ስጦታ አይደለችም። የክሬዲት ካርድ ቁጥራችሁን ለማግኘት የሚወጣ የማስታወቂያ ወጪ ናት። ሻጩ ብዙ ጊዜ የወይን ክለብ ነው፤ አባል ያደረገውን ሰው ካርድ እየቆረጠ በየጊዜው ካርቶን ይልካል። በመጀመሪያው ካርቶን ላይ ባያተርፍም ግድ የለውም፤ የሚጠብቀው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። እነዚያን ደግሞ ብዙ ሰው ማዘዙን እንኳ አያውቅም።

በመጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ100 ዶላር ቫውቸር 100 ዶላር ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ሁለት ጥሩ ጠርሙስ መርጣችሁ በነጻ አትወስዱበትም። በአብዛኛው የሚሠራው ለአዲስ ደንበኛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከተወሰነ ዋጋ በላይ ስታዝዙ ነው። እንበልና ድረ ገጹ 12 ጠርሙስ የያዘ ካርቶን «መደበኛ ዋጋው 200 ዶላር» ብሎ ያቀርባል። ቫውቸሩ 100 ያወርዳል። ሺፒንግ 20፣ ታክስ 8 ዶላር ቢጨመርበት 128 ዶላር ሆነ። ለ12 ስታካፍሉት አንዱ ጠርሙስ ወደ 10 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይመጣል።

ይህ ዋጋ ውድ አይደለም። ትልቅ ቅናሽም ግን አይደለም። የ10 ዶላር ወይን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል። ኮስትኮ ከርክላንድ በሚለው ስም ከሚሸጣቸው ወይኖች መካከል ከ10 ዶላር በታች የሆኑ አሉ። ትሬደር ጆስም በ2002 ቻርልስ ሾው የተባለውን ወይን በ1 ዶላር ከ99 ሳንቲም መሸጥ የጀመረ ሱቅ ነው፤ ዛሬም በትንሽ ዋጋ የሚጠጣ ወይን የሚፈልግ ሰው እዚያ አያጣም። ብዙ የወይን መደብሮች ደግሞ ስድስት ወይም 12 ጠርሙስ አንድ ላይ ለሚገዛ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሌላ ነው። ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዝታችሁ፣ ቤት ቀምሳችሁ፣ ከወደዳችሁት ተመልሳችሁ ካርቶኑን ትወስዳላችሁ። ከክለቡ ግን 12ቱንም ሳትቀምሱ ነው የምትገዙት።

አሁን ደግሞ ያንን «መደበኛ ዋጋ» እንየው። 200 ዶላር ነው ያለው ማን ነው? ራሱ ሻጩ ነው። ክለቦች ከሚልኳቸው ወይኖች ብዙዎቹ ለዚያ ክለብ ብቻ ተብሎ ስም የወጣላቸውና ሌላ ቦታ የማይሸጡ ናቸው። የጠርሙሱን ስም የየሱቁን የወይን ዋጋ በሚያሳየው ዋይን ሰርቸር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉት የሌላ ሱቅ ዋጋ አታገኙም። ስለዚህ ማወዳደሪያ የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የምንለው፣ «ድሮ ይህን ያህል ነበር» ብሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ በዚያ ዋጋ ዕቃውን በእውነት ለገበያ አቅርቦ የነበረ መሆን አለበት የሚል መመሪያ አለው። መመሪያው ጥሩ ነው። ግን እያንዳንዱን ካርቶን እየዞረ የሚፈትሽላችሁ ሰው የለም። በዋጋው ላይ መስመር ተሰርዞ በቀይ ሌላ ቁጥር ስለተጻፈ ብቻ ቅናሽ አገኘን እንዳትሉ።

ማወዳደሪያ ከሌለ የቀረን ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። የአሜሪካ ሕግ በወይን ጠርሙስ ላይ የሚጻፉ ቃላትን ይቆጣጠራል። «ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» የሚል ከሆነ፣ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ቢያንስ 75 በመቶውን ወይን ራሱ አስፍልቶ ጠምቋል ማለት ነው። «ሴላርድ» ወይም «ቪንትድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» የሚል ከሆነ ግን ድርጅቱ ወይኑን ራሱ ጠምቆታል ማለት አይደለም። ከሌላ ሰው በጅምላ ገዝቶ ያሸገው ሊሆን ይችላል። «ኢስቴት ቦትልድ» ሲል ደግሞ ወይኑ በሙሉ ድርጅቱ ከሚያለማው መሬት የተገኘ መሆን አለበት።

ቦታውንም እዩት። «ናፓ ቫሊ» (ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ በወይን የታወቀ አካባቢ) ተብሎ ከተጻፈ ቢያንስ 85 በመቶው ፍሬ ከናፓ የመጣ ነው። «ካሊፎርኒያ» ብቻ ካለ ከሰፊው ግዛት ከየትም ሊሆን ይችላል። የወይኑ ዝርያ፣ ለምሳሌ ሜርሎ ተብሎ ከተጻፈ፣ በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 በመቶው ሜርሎ ይሆናል።

በጅምላ ተገዝቶ የታሸገ ወይን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደህና ይጠጣል። ግን የ10 ዶላር ወይን ነው። «የ25 ዶላር ወይን በ10 ዶላር ሰጠናችሁ» ሲባል ግን የት እንደተጠመቀና በማን እንደተጠመቀ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ድረ ገጹ የጠርሙሱን የፊት ፎቶ ብቻ አሳይቶ የጀርባውን ከደበቀ፣ ለእኔ ያ በቂ መልስ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጉዳቱ ያለው ከመጀመሪያው ካርቶን በኋላ ነው።

አንዲት ቨርጂኒያ የምትኖር ጓደኛዬ ታኅሣሥ ላይ ለገና በዓል በቫውቸር አንድ ካርቶን አዘዘች። መጣላት፣ በዓሉን አከበሩበት፣ ነገሩም ተረሳ። ሦስት ወር ሲሞላ፣ ሑዳዴ መሀል ላይ፣ ሌላ 12 ጠርሙስ በሯ ላይ መጣ። ቤተሰቡ በሙሉ ጾመኛ ነው። ካርዷ ላይ የተቆረጠው ደግሞ ከመጀመሪያው በጣም የበለጠ ነበር፤ ሁለተኛው ካርቶን ቫውቸር የለውማ። ስትደውል በሥራ ሰዓት ደውይ ተባለች። በሥራ ሰዓት እሷም ሥራ ላይ ናት። በምሳ ሰዓቷ ብዙ ካስጠበቋት በኋላ መልስ የሰጣት ሰው አባልነቷን በማቋረጥ ፈንታ ሌላ ቅናሽ አቀረበላት። አጥብቃ ስትከራከር ካርቶኑን መልሺ አሏት፤ የመመለሻውን ሺፒንግ የከፈለችው እሷ ናት።

ክለቡ ሕግ ጥሷል ወይ? «በየሦስት ወሩ ይላካል» የሚለው ነገር ገጹ ላይ ነበር። በትንንሽ ፊደል፣ ከትልቁ የክፈሉ ቁልፍ ሥር። በ2010 የወጣ ሮስካ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። በኦንላይን ሰው ሳያቋርጠው የሚቀጥል ክፍያ የሚያስከፍል ሻጭ ካርዱን ከመቀበሉ በፊት ዋና ዋና ውሎቹን በግልጽ ማሳየት፣ የገዢውን ፈቃድ ማግኘት፣ ማቋረጫውንም ቀላል ማድረግ አለበት ይላል። ይህ ሕግ ጥርስ አለው። አማዞን ሰዎችን ሳያውቁ ፕራይም በተባለው ክፍያ ያለው አባልነት ውስጥ አስገብቷል፣ መውጫውንም አክብዷል ተብሎ በኤፍቲሲ ተከሶ በ2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ። በ2024 «በአንድ ክሊክ ተመዝግቦ በአንድ ክሊክ መውጣት» የሚል አዲስ ደንብ ወጣ ተብሎ በዜና ሰምታችሁ ይሆናል። ያንን ደንብ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሐምሌ 2025 ላይ ውድቅ አድርጎታል። እሱን ተማምናችሁ አትመዝገቡ። ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በኦንላይን የተመዘገበ ሰው በኦንላይን እንዲያቋርጥ ታስገድዳለች።

ሌላ ዓይነት ክለብም አለ። ካርቶን አይልክም፤ በየወሩ ከካርዳችሁ የተወሰነ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 40 ዶላር፣ እየቆረጠ በስማችሁ ያስቀምጣል። ስታዝዙ ከዚያ ይቀነሳል። አሠራሩ ቁጠባ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ባንክ ያለ ገንዘብ የመንግሥት ዋስትና አለው፣ ይህ የለውም። የወይን ሻጭ ጋር የተቀመጠ ገንዘብ በዓመት 480 ዶላር ደረሰ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ወለድ። በፈለጋችሁ ጊዜ የሚመልሱ አሉ። በወይን ካልሆነ አንመልስም የሚሉም አሉ። የትኛው እንደሆነ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ አንብቡ።

ስለ አደራረሱም ባጭሩ። ዩኤስ ፖስታ ቤት አልኮል አይወስድም። የሚያደርሱት ዩፒኤስና ፌዴክስ ናቸው፤ 21 ዓመት የሞላው ሰው ፊርማ ይጠይቃሉ። ሁለት ሥራ የምትሠሩ፣ ቀን ቤት የማትገኙ ሰዎች ካርቶኑ በመኪና ይንከራተትባችኋል። በቴክሳስ ወይም በአሪዞና የሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ የዋለ ወይን ደግሞ ጣዕሙ ይበላሻል። አንዳንድ ግዛቶች፣ ለምሳሌ ዩታ፣ ወይን ወደ ቤት መላክን አይፈቅዱም፤ እዚያ ቫውቸሩ ምንም አይሠራም።

ይህን ሁሉ አውቃችሁም ልሞክረው የምትሉ ትኖራላችሁ። መብታችሁ ነው። አዘውትሮ ወይን የሚጠጣ፣ አዲስ ነገር መቅመስ የሚወድ፣ ውሉን አንብቦ በጊዜው የሚያቋርጥ ሰው በመጀመሪያው ካርቶን ላይ ሊጠቀም ይችላል። ጎብኝታችሁት የምታውቁት የወይን እርሻ የራሱ ክለብ ካለው እሱ ሌላ ነገር ነው፤ የምትገዙትን ታውቁታላችሁ።

ብቻ በዴቢት ካርድ አትክፈሉ። ክሬዲት ካርድ ተጠቀሙ። ባንካችሁ ጊዜያዊ የካርድ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ እሱን አስገቡ፣ በኋላ ትዘጉታላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቀጣዩ ካርቶን መቼ ይላካል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ እንዴት ይቋረጣል። የአንዱ እንኳ መልስ ገጹ ላይ ከሌለ ተዉት። ካለ ደግሞ ገጹን በስልካችሁ ስክሪንሾት አንሱት። ካርቶኑ በደረሰ ዕለት አባልነቱን አቋርጡና ማረጋገጫውን በኢሜይል ጠይቁ። በስልክ «እሺ፣ አቋርጠናል» መባል ብቻውን አይበቃም።

ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ወይም ስልካቸው ላይ የእናንተ ካርድ ካለ ይህን ንገሯቸው። «ስጦታ» የሚል ቃል ያየ አባት ወይም እናት እንግሊዝኛውን ትንንሽ ፊደል አንብቦ ይጨርሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁኑኑ ያልጠበቃችሁት ክፍያ የተቆረጠባችሁ ካላችሁ ጊዜ አታባክኑ። ካርቶኑን «አልቀበልም» ማለት ብቻውን አባልነቱን አያቋርጥም፤ ቀጣዩም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ለክለቡ በኢሜይል አቋርጡልኝ፣ ገንዘቤንም መልሱልኝ ብላችሁ ጻፉ። እምቢ ካሉ ክፍያውን ለክሬዲት ካርድ ድርጅታችሁ ተቃወሙ፤ ክፍያው የታየበት መግለጫ ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። ስክሪንሾቱንና ኢሜይሉን አያይዙ። ከዚያ ለኤፍቲሲና ለምትኖሩበት ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ቅሬታ አስገቡ። ሁለቱም በኦንላይን ይቀበላሉ፣ ክፍያም የለውም።