ባለ ሁለት ቀለም ቲማቲም ለአዳማ ጓሮ፦ ፓይናፕል፣ ላኪ ክሮስ ወይስ አይሲስ ካንዲ?

የባለ ሁለት ቀለም ቲማቲም ዘር በፎቶ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ሥጋው ቢጫ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀይ ተረጭቶበታል። አዳማ ላይ ሲተከሉ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን እንያቸው።

ለወጥ የሚሆን ቲማቲም ከፈለጋችሁ አንዳቸውንም አትግዙ። ለስልስና ለድልህ ሮማ ወይም እዚሁ አጠገባችን የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው መልካሳልሳ ይሻላል። እነዚህኛዎቹ በጥሬው የሚበሉ ናቸው። ለሰላጣ፣ ለቲማቲም ፍትፍት፣ ቃሪያና ሽንኩርት ተከትፎባቸው ነው የሚጥሙት።

ፓይናፕል ትልቁ ነው። አንዱ ፍሬ ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ የሚያልፍም አለ። ከላይ ወደ ታች ስትቆርጡት ቀዩ ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ በቢጫው ሥጋ ውስጥ ሲሰራጭ ታያላችሁ። ዘሩ ጥቂት ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። «ቢጫ ቲማቲም አሲድ የለውም» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። አሲዱስ አለ፣ ስኳሩ ነው የሚሸፍነው። ፓይናፕል ላይ ያለኝ ቅሬታ ጊዜው ነው። ችግኙ መደብ ላይ ከተዛወረ በኋላ ከ85 እስከ 95 ቀን ይፈልጋል፣ የሚሰጠው ፍሬም ብዙ አይደለም።

ላኪ ክሮስን ያወጣው አሜሪካዊው የቲማቲም አፍቃሪ ክሬግ ለሁሊየር ነው። ብራንዲዋይን የሚባለው ዝነኛ ዝርያ በንብ አማካይነት ከሌላ ቲማቲም ጋር ተዳቅሎ ነው የተገኘው። የብራንዲዋይንን ጣዕም ወርሷል። ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱ ሳይበላለጡ አብረው ይመጣሉ። ፍሬው ከፓይናፕል ትንሽ ያንሳል፣ ቀድሞም ይደርሳል። ቅጠሉ ዳሩ ያልተሰነጣጠቀ፣ የድንች ቅጠል የሚመስል ነው። በጣዕም ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እኔ ይህንን ነው የምወስደው።

አይሲስ ካንዲ ቼሪ ቲማቲም ነው። አንዱ ፍሬ አንድ ጉርሻ አይሞላም፣ ግን በዘለላ ይወርዳል። በ70 ቀን ገደማ መልቀም ትጀምራላችሁ። ለጀማሪ፣ ወይም ጠባብ ግቢ ላለው ሰው፣ ሌላውን አልመክርም። አንድ ፍሬ ቢሰነጠቅ ወይም ትል ቢገባበት የሚጎድለው ትንሽ ነው። የፓይናፕል አንድ ፍሬ ሲበላሽ ግን የሳምንት ሰላጣችሁ ሄደ ማለት ነው።

ሦስቱም ወደ ላይ ማደግ አያቆሙም። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው። ቁመታችሁን የሚያህል ካስማ ቀድማችሁ ትከሉ፣ ግንዱንም በለስላሳ ጨርቅ እሰሩት። በተለይ ፓይናፕል ፍሬው ስለሚከብድ ድጋፍ ከሌለው ቅርንጫፉ ይገነጠላል።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ጥሩ ዘር ገዝታችሁ ውኃ ውኃ የሚል ቲማቲም ልትበሉ ትችላላችሁ። ዋናው ምክንያት ውኃ ማብዛት ነው። ፍሬው ቀለም መያዝ ከጀመረ በኋላ በየቀኑ ማርከፍከፍ ስኳሩን ያቀጥነዋል። ለሳምንት አድርቆ በአንድ ቀን ማጥለቅለቅ ደግሞ ይብሳል፣ ያኔ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጠዋት ሥሩ ላይ በልኩ አጠጡ፣ አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ገለባ ጎዝጉዙት፣ ፍሬው ሲቀላም መጠኑን ቀንሱ። በዚህ በኩል ፓይናፕል በጣም ስስ ነው። ኮምጣጣነቱ መጀመሪያም ለስላሳ ስለሆነ፣ ስኳሩ ሲቀጥን ምንም ጣዕም አይቀረውም። አይሲስ ካንዲ ግን ብዙ ይችላል።

ዩሪያ አታብዙ። ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ፍሬው ግን ጣዕም ያጣል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይበቃል።

ወቅቱም ከዘሩ እኩል ይወስናል። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዘርታችሁ ጥቅምት ውስጥ ብታዛውሩ፣ ፍሬው የሚበስለው በታኅሣሥና በጥር ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጣዕሙ ይሰበሰባል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በደንብ አይሠራም። ቀይ ይሆናል ብላችሁ የጠበቃችሁት የመሃሉ ርጭት ገርጥቶ ይወጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ዋግ አለ። በሐምሌ ዝናብ ፓይናፕል መሞከር ድካም ነው።

ስትለቅሙ ቀለሙን ብቻ አትመኑ፣ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ትንሽ ሲለሰልስ ደርሷል። ካለፈበት ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት፣ ቅዝቃዜው ሽታውን ይገድለዋል።

ላኪ ክሮስ መነሻው መዳቀል ቢሆንም፣ ሦስቱም ዛሬ ባሕርያቸው የጸና ዝርያዎች ስለሆኑ ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት ይቻላል፣ ስለዚህ አንድ ትንሽ ፓኬት ይበቃችኋል። ላኪ ክሮስ እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው። ያስቀራችሁት ዘር በቅሎ ከመካከሉ ዳሩ የተሰነጣጠቀ ተራ የቲማቲም ቅጠል ያለው ችግኝ ካያችሁ፣ ከሌላ ቲማቲም ጋር ተዳቅሏል ማለት ነው። ገና በችግኝነቱ ነቅላችሁ ታወጡታላችሁ። በፓይናፕልና በአይሲስ ካንዲ ግን መዳቀሉን የምታውቁት አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ሲቆረጥ ነው።