ፎም ሮለሩ ለስኳት ምን ያህል ረዳኝ? የሦስት ወር አጠቃቀም ምዘና

ብረት ማንሳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስሠራ ግን ጭኔ ከወለሉ ጋር ሳይስተካከል ተረከዜ ከመሬት ይነሳ፣ ወገቤም ይጎብጥ ነበር። አሰልጣኜ ችግሩ ከባቴና ከቁርጭምጭሚቴ መሆኑን ስለነገረኝ ከሦስት ወር በፊት ፎም ሮለር፣ ማለትም ሰውነትን አሳርፈው እያንከባለሉ ጡንቻን የሚያፍታቱበት ድብልብል ዕቃ ገዛሁ። ርዝመቱ 33፣ የመሐል ስፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ በጠንካራ ፎም ተለብጦ የተሠራ ነው። ዋጋው ከአንድ ወር የስፖርት ቤት ክፍያዬ ይበልጣል፤ ሆኖም ቀደም ሲል የገዛሁት፣ ቱቦ የሌለው ነጭ ሮለር በአምስት ሳምንት ውስጥ መሐሉ ጎድጉዶ እንደ ትራስ ስለለሰለሰብኝ፣ በዚህኛው ላይ ባወጣሁት ገንዘብ አልተቆጨሁም። 78 ኪሎ የሚመዝን ሰውነቴን በየቀኑ ባሳርፍበትም እስካሁን ቅርጹን አልለወጠም።

ባቴን ሮለሩ ላይ አሳርፌ፣ ሌላኛውን እግሬን ደርቤበት፣ በእጆቼ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብዬ ከቁርጭምጭሚት በላይ እስከ ጉልበት ሥር ድረስ በዝግታ አንከባልለዋለሁ፤ የሚያመው ቦታ ላይ ስደርስ እዚያው ቆሜ የእግሬን ጣቶች ወደ ራሴ እየሳብኩ እመልሳለሁ። ለእያንዳንዱ እግር አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ከጉልበት ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ግን አላሳርፈውም።

ለውጡን በግምት ብቻ ላለመናገር በሜትር ለካሁት። ባዶ እግሬን ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ተረከዜን ሳላነሳ ጉልበቴን ግድግዳው ላይ ማስነካት እስከምችልበት ድረስ አውራ ጣቴን ወደ ኋላ አራቅሁ። በመጀመሪያው ቀን የግራ እግሬ ርቀት 9 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ልጅ ሳለሁ ኳስ ስጫወት ወለምታ ደርሶበት በወጌሻ የታሸው ቀኝ እግሬ ግን 6 ብቻ ነበር። ባቴን በሮለሩ አፍታትቼ ወዲያው ስለካ ቀኙ 7 ተኩል ሆነ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስደግመው ግን ወደ 6 ተመልሶ አገኘሁት።

ይህንን የዕቃው ጉድለት አድርጌ አልቆጥረውም፤ ቅር የሚለኝ ዕቃው የሚሸጥበት ቃል ነው። ሮለር «የተቋጠረ ጡንቻ ይፈታል» ተብሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን የጡንቻው ልባስ በቀላሉ ቅርጹን የሚለውጥ አይደለም፤ ለጊዜው የሚጨምረው በዋናነት ነርቮቻችን መወጠርን የመቻል አቅማቸው ነው። ያም ቢሆን ትልቅ ጥቅም አለው። ከባድ ክብደት ከማንሳት በፊት አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ጉልበትን ለጊዜው በመጠኑ ሊቀንስ ሲችል፣ በሮለር ማፍታታት ግን ይህን ያህል አይጎዳም።

ስለዚህ በተገኘችው አጭር ጊዜ ወዲያው እሠራባታለሁ። 12 ኪሎ ዳምቤል (አጭር የእጅ ክብደት) ደረቴ ላይ ይዤ ቁጢጥ እላለሁ፤ እዚያው ቆይቼ ጉልበቴን ከጣቶቼ አሳልፌ ወደ ፊት እገፋለሁ፤ ቀጥሎም ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን ቀስ ብዬ ከደረጃው በታች አወርዳለሁ። ዛሬ ቀኝ እግሬ 9 ተኩል፣ ግራው 11 ሳንቲ ሜትር ደርሰዋል፤ በ80 ኪሎም ተረከዜ ሳይነሳ እስከ ታች እወርዳለሁ። በሮለሩ ብቻ እዚህ እደርስ ነበር ብዬ ግን አላምንም።

ቁጢጥ ሲሉ የሚይዝዎት ከኋላ ባትዎ ላይ ከሆነ ይህን ዕቃ ቢገዙ ይጠቅምዎታል። ከፊት ለፊት ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሕመም ካለ ግን ችግሩ ከመገጣጠሚያው ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘብዎን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምርመራ ቢያውሉት ይሻላል፤ እስከዚያም ተረከዙ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የክብደት ማንሻ ጫማ ስኳቱን ያቀልልዎታል። ለመቀመጫ ጡንቻ ሮለሩ በጣም ሰፊ ሆኖብኛል፤ ለዚያ እስካሁን የምጠቀመው ከግድግዳ ጋር የምደገፍባትን አሮጌ የቴኒስ ኳስ ነው።