ለደብረ ብርሃኑ ጎሚስታ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ ጎሚስታን ለማመስገን ነው። ቸርኬ ልቀይር ብሎ የሚያስብ ሰው ካለም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያንብበው።

ስራዬ ደብረ ብርሃን፣ ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ታርማበርን እወርዳለሁ። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ትነሱና ከባህር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ትወጣላችሁ። ጣሊያን የሰራውን ዋሻ በጉም ውስጥ ታልፋላችሁ። ከዚያ በኋላ 1,300 ሜትር ገደማ እስክትደርሱ ቁልቁለት ነው።

ለኮሮላዬ 17 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው የገዛሁት አምና ነው። አዲስ አበባ፣ ሻጩ «ልክክ ይላል» አለኝ። አምሮባትም ነበር፣ አልዋሽም። ግን 80 ላይ ስደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ቦታ ባላንስ አሰራሁ፣ ያው ነው። ሁለት ኬሻ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ደግሞ የኋላ ጎማው ፓራፋንጎውን እየታከከ ይጮሃል።

ሰው ጠቁሞኝ ጎሚስታው ጋሽዬ ጋ ሄድኩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። መኪናዋን ሳቆም ክሪክ አላመጡም። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ከፈቱና እዚያ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይቺን አንብበሃት ታውቃለህ?» ሶስት ዓመት ነድቼያታለሁ፣ አንድ ቀን አላየኋትም። 195/65 አር 15 ትላለች።

ካርቶን ቀደዱና ሂሳብ ጀመሩ። 195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 65 የጎኑ ከፍታ ነው፣ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ። 15 ደግሞ የቸርኬው ኢንች። የጎኑ ከፍታ ከላይም ከታችም ቸርኬው ላይ ሲደመር ጎማው ከታች እስከ ላይ 634 ሚሊሜትር ይመጣል። እኔ የገጠምኩት 225/50 አር 17 ግን 657 ነው። «ባለ 17 ካማረህ 225/45 ነበር ማለት የነበረብህ» አሉኝ። እሱ ተመልሶ 634 ላይ ይገባል።

23 ሚሊሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ጎማው ሲተልቅ ቆጣሪው 80 በሚልበት ጊዜ መኪናዋ ከበፊቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ጨምራ ትሄዳለች። በማርሽ ስትወርዱም ሞተሩ እንደ ድሮው አይዝም። ጎማው ከነቸርኬው ከከበደ ደግሞ ፍሬኑ የሚያቆመው ነገር በዛበት ማለት ነው። ይሄ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ግን እግራችሁ ያውቀዋል።

መንቀጥቀጡስ? ቸርኬውን አወላልቀው መሃሉን ለኩት። ቸርኬው የሚገባበት የመኪናዬ የመሃል ጉብታ 60.1 ሚሊሜትር ነው፣ የቸርኬው ቀዳዳ 73.1። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አለ፤ የሸጠኝ ሰው አልሰጠኝም። ስለዚህ ቸርኬው መሃሉን ስቶ፣ በብሎኖቹ ብቻ ተይዞ ነበር የሚዞረው። የባላንስ ማሽን ላይ ሲወጣ ግን መሃሉን ጠብቆ ስለሚታሰር ማሽኑ ሁሌም «ደህና ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ የከፈልኩት ለዚህ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ፎርሙላ ዋን አያመልጠውም። «ጋሼ፣ እነሱ እኮ በ2022 ከ13 ኢንች ወደ 18 ገብተዋል» አላቸው። ሳቁበት። «እነሱ ሽንኩርት አይጭኑም።» ቀጥለው ግን በቁም ነገር ነገሩት። የቤት መኪናውን ይዞ ትራክ ላይ የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ፍሬኑን ሳይነካ የሚገባውን ትንሹን ቸርኬ ነው። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይቆማል፤ ሲያልቅም ትንሹ ጎማ ኪስ አይጎዳም። ወንድሜ ዝም አለ። ብርቅ ነው።

ወደ 15 ለመመለስ ያገለገለ ጎማ ይዤ መጣሁ። ጎኑ ላይ 2316 ይላል፣ የ2016 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። «አዲስ ነው እኮ!» ብዬ ደስ አለኝ። ጋሽዬ ቀስ ብለው፣ «በፈረንጅ ነው ልጄ» አሉኝ። መልሼ ወሰድኩት።

እሳቸው የሚሸጡት ጎማ ነበራቸው፤ ግን ግዛኝ አላሉኝም። የእጅ ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ፣ እሱም ትንሽ ነው። ዳዶዎቹን በአንድ በኩል ተራ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ እያፈራረቁ ነው የሚያጠብቁት። ሮቢት ደርሰህ ስትመለስ ብቅ በል ብለውም አጥብቀው አሳሰቡኝ፣ ድጋሚ ሊፈትሹት። ሌላው ምክራቸው፣ ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ቆላ ወርዶ ሞቆ ከፍ ቢል አታስተንፍሰው።

እንከን አውጣ ካላችሁኝ፣ ወረፋ አለ። እሳቸውም አይቸኩሉም። ግማሽ ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ወር በገባ በ7 ደግሞ አትልፉ፣ ስላሴን ያከብራሉ።

ቦታውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ባለ 17ቱ ቸርኬዎች ሶፋው ጀርባ ተደርድረዋል፣ ባለቤቴ በየቀኑ ታያቸዋለች፣ ምንም አትልም። የሚሆነው ሰው ካለ እሸጣለሁ። ቀለበቱን ግን ራሳችሁ ፈልጉ።