ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ በኮንትራት መኪና፦ የሚቆም ሹፌር ያዙ

የጎንደርና የደባርቅን መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሄድኩበት። ያየሁት ግን አንዴ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ በሚኒባስ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ "ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ ግቡ፣ ወጪ ነው" እያለ አስገባን፤ ከዚያ ፀሐይ እስክትወጣ እዚያው ተቀመጥን። ከከተማ እንደወጣን ትርፍ ተጫነ። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት ሆንን፣ የአንዱ ጆንያ ጉልበቴ ላይ ነው፣ መስኮቱም በመጋረጃ ተሸፍኗል። ሹፌሩ ለሁለተኛ ዙር ለመድረስ ስለሚቸኩል ኩርባውን ሁሉ ፍጥነት ሳይቀንስ ነው የሚይዘው። ከጎኔ የነበሩ እናት "ኧረ በማርያም፣ ቀስ በል ልጄ" ቢሉት ዘፈኑን ጨመረው። ደባርቅ ስደርስ ከመንገዱ የማስታውሰው የፊተኛዬን ሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ አገር በአጠገቤ አልፎ አለማየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣ፣ እናቴም "ሊማሊሞን ሳላይ አልሞትም" ስትል ከርማለች፣ እንግዲህ ሦስታችን ገንዘብ አዋጥተን ለሁለት ቀን ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ በኮንትራት ያዝን። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እናቴን እትዬ ይሏታል። ገና ሳንነሳ "መቆም የምትፈልጉበት ቦታ ሁሉ ንገሩኝ፣ እኔም ጥሩ ጥሩውን አሳያችኋለሁ፤ ከደባርቅ በፊት ቢያንስ አራት ቦታ እንቆማለን" አሉን። እኔ ለዚህ አገልግሎት የምሰጠው ምስጋና ሁሉ ከዚህች ቃል ይጀምራል። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፣ የቸኮለ ሰው በጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለስበታል። እኛ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ወለቃ ላይ እናቴ የሸክላ ጀበና አየች። እዚያ አካባቢ ድሮ የቤተ እስራኤል ሰዎች ይኖሩ ነበር፣ ሸክላ ሥራውም የታወቀ ነው። ከዚያ ዳገቱን ተያያዝነው። ኮሶዬ ስንደርስ ጋሼ መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ሞተር አጠፉ። ከመንገዱ ዳር ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ያልቃል። ከታች ገደል፣ ከገደሉ በታች ሌላ ተራራ፣ ከዚያም ወዲያ በጭጋግ ውስጥ እንደ ጥርስ የተሰካካ ሌላ ተራራ። ማንም አልተናገረም። በሚኒባሱ ይህችን ቦታ በምን ፍጥነት አልፌያት እንደነበር ሳስበው ተናደድኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነፋሱ ጋቢ ያስፈልጋል። ወገራ ማለት በዚህ ወቅት ገብስና አደይ አበባ ነው፤ ሜዳው በሙሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ፣ በየመሃሉ ባሕር ዛፍ ቆሞበት፣ ልጆች በመንገድ ዳር የባቄላ እሸት በእጃቸው ዘርግተው ይጠብቃሉ። ገዛን። ጋሼ እሸቱን እየፈለፈሉ "ይህን ነዳጅ ማደያ ላይ አታገኙትም" አሉን። ዳባት ላይ ቡና በጤናዳም ጠጣን፣ ከዚያ ወቅንን አልፈን ደባርቅ ገባን።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ነው ስለ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ማውራት የጀመረው። እሱ ከሚኖርበት ከቨርጂኒያ ጀምሮ እስከ ሰሜን ካሮላይና ድረስ በአፓላቺያ ተራሮች ጫፍ ጫፉን የሚሄድ መንገድ ነው፤ 755 ኪሎ ሜትር። ሸናንዶዋ እና ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ የሚባሉ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮችን ያገናኛል። እኔን ያስገረመኝ የተሠራበት ምክንያት ነው። ለመድረስ ሳይሆን ለማየት ነው የተሠራው። የጭነት መኪና አይገባበትም፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፣ በየኩርባው ደግሞ መኪና አቁሞ አገር ማያ ቦታ አለው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፣ በዚያ የሥራ አጥነት ዘመን ለሰው ሥራ ለመስጠትም ጭምር፤ ያለቀው ግን በ1987 ነው። የመጨረሻው ቁራጭ ግራንድፋዘር የሚባለውን ተራራ ላለመቁረጥ ሲባል በድልድይ ዙሪያውን እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንድን ተራራ ላለማቁሰል ያን ያህል መድከማቸውን ወደድኩት።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከፍታ ማወዳደር ጀመረ። የፓርክዌዩ ከፍተኛ ቦታ 1,845 ሜትር ነው። የአፓላቺያ ትልቁ ተራራ ሚቸል ደግሞ 2,037 ሜትር። ጎንደር ከተማ እኮ ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት! ማለት ፒያሳ ቡና የሚጠጣ ሰው ከአፓላቺያ ጫፍ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። እናቴ ይህን ስትሰማ "ታዲያ ለምን እኛ መንገድ ዳር ማረፊያ አንሠራም?" አለች። ልክ ናት። ኮሶዬን በመሰለ ቦታ ሁሉ መኪና በደህና የሚቆምበት ቦታና አንድ አጥር ቢሠራ ምን ያህል ሰው ይጠቀም ነበር።

ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ለመግባት ቢሮው ሄዳችሁ ትኬት ትቆርጣላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውትም አብሯችሁ ይሄዳል። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ሰልፍ ባይኖርም ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል። ምሳ በላን፣ ስካውቱን ጫንን፣ ፓርኩ ውስጥ ወዳለችው ሳንቃበር ወጣን። ይህ ክፍል አስፋልት አይደለም፣ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ወገብ ያለበት ሰው ከፊት ይቀመጥ። ሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስትራመዱ ትንፋሽ ያጥራል። የአስታው ዛፍ፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል፣ ከሥር ደግሞ ያ ገደል።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል፣ ሣር በመጋጥ የሚኖሩ ናቸው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ በዱር የሉም። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "ዝም በሉና ስሟቸው" አሉን። እርስ በርስ ያወራሉ! እንደ ገበያ ሴቶች፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሳያቋርጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን፣ አንዴም "እንሂድ" አላሉንም።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱም የመንገድ ጉዳይ መሆኑን አንድ አስጎብኚ ነገረን፤ በፓርኩ መሃል የሚያልፈውን መኪና ለመቀነስ ሌላ መንገድ በውጭ በኩል እንዲወጣ መደረጉ።

ማደሪያችን ደባርቅ ነበር። ሆቴሉን አልጠራም። ሙቅ ውሃ አለ ተብለን ከፍለን ቀዝቃዛ ነው ያገኘነው፣ ብርድ ልብስ ግን አልነፈጉንም። ጋቢና ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ሊማሊሞ። በማግስቱ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ይህ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። የአክስቴ ልጅ ሲያስበው የእነሱ ፓርክዌይ የተጀመረውና ጣሊያን አገራችንን የወረረው በአንድ ዓመት ነው። ያኛው ለሽርሽር፣ ይህኛው ለጦር። ግን ጦሩ ሄደ፣ መንገዱን ሕዝቡ ተረከበው፣ ስንት እህልና ስንት ሙሽራ ወጥቶ ወርዶበታል።

እናቴ ልጅ ሆና ኤንትሬ በሚባለው የድሮ ጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው የወረደችው። ከፊት ወንበር ላይ ሆና እያንዳንዱን ኩርባ እየጠበቀች ነበር። "እዚህ ጋ ወንዶቹ ወርደው ድንጋይ ከጎማው ሥር ይሸጉጡ ነበር" አለች። ጋሼ "አዎ እትዬ፣ እኔም ረዳት ሆኜ ሸጉጫለሁ" ብለው መለሱላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብቻ ነበሩ የሚያወሩት፣ እኛ ከኋላ ጆሯችንን ሰጥተን ሰማን።

አነዳዳቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለዚህ ነው ገንዘብ የምትከፍሉት። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቆሙ። ጎማ በእግራቸው መቱ፣ ስኮርታው መኖሩን አዩ፣ ፍሬኑን ሞከሩ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ገቡና እስከ ታች በማርሽ ይዘው ወረዱ። ፍሬን ሁልጊዜ ከተረገጠ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ አይዝም፤ ሊማሊሞ ላይ ያ ከሆነ ማምለጫ የለም። በእያንዳንዱ ዕውር ኩርባ ክላክስ ያሰማሉ። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ሲመጣ እሳቸው ዳር ይዘው ያሳልፉታል፣ ዳገት ላይ የቆመ ከባድ መኪና መልሶ መነሳት ስለሚቸግረው። አንዱ አይሱዙ ሹፌር እጁን አውጥቶ አመሰገናቸው።

እየወረድን አየሩ በየኩርባው ይቀየራል። ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርባ የነበረችው እናቴ መሃል ላይ ጋቢውን አወለቀች፣ ዛሪማ ስንደርስ ነጠላዋንም አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቆላ ገብተናል። ወደ ኋላ ዞረን ሽቅብ ስናይ የወረድንበት ግድግዳ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ መንገዱ እንደ ክር ነው የሚታየው። እናቴ አለቀሰች። ምን እንደሆነች አልጠየቅናትም።

ቅሬታም አለኝ። ስንዋዋል ነዳጅ ከሂሳቡ ውስጥ ነው ተባልን፣ የሹፌር አበልና ማደሪያ ግን በእኛ መሆኑ የተነገረን ደባርቅ ከደረስን በኋላ ነው። ይህን ያደረጉት ጋሼ አይደሉም፣ ያዋዋለን ደላላ ነው። የኋላው ወንበር ቀበቶም አይሠራም ነበር፤ ለእንዲህ ያለ መንገድ ይህ ቀልድ አይደለም። እናንተ ገንዘብ ሳትሰጡ በፊት ነዳጅ፣ አበል፣ ማደሪያ፣ የፓርክ መኪና ክፍያ በማን እንደሆነ አንድ በአንድ ተነጋገሩ፣ መኪናውንም ቀን አይታችሁ ቀበቶውን ራሳችሁ ሳቡት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ በነዳጅ ምክንያት በየጊዜው ይለዋወጣል። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ሲካፈል ግን የሚቻል ነው። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች ጠይቁ፤ "ዛሬ ይቅር" ካሏችሁ አትከራከሩ፣ ሌላ ቀን ትሄዳላችሁ። በማታ ደግሞ በፍጹም።

ስንመለስ ኮሶዬ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ጋሼ ከመንገድ ወጡና ሞተር አጠፉ። አሁንም ማንም አልተናገረም። ማታ ቤት ስንደርስ እናቴ ከቦርሳዋ ቁራጭ ወረቀት አውጥታ የጋሼን ስልክ ቁጥር በራሷ እጅ ጻፈች፣ ከሥሩም "ለእህቴ፣ ከጥምቀት በኋላ" የሚል ጨመረችበት።