ትሉ እየዋኘ ነው ብላችሁ አንድ ኮከብ አትስጡት

ይህ አስተያየቴ ስለ ቢምቢ (ትንኝ) መከላከያው፣ ስለ ሜቶፕሪን እንክብል ነው፤ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ጣል የሚደረገው፣ ቀስ እያለ የሚሟሟው። ሌሎች የሰጡትን አስተያየት ሳነብ ቅሬታው ያው ነው፦ «ጨመርኩት፣ ትሎቹ ግን አሁንም ይርመሰመሳሉ፣ ብሬን በላኝ።» ኧረ ተረጋጉ! እጩን (ትሉን) እዚያው ድፍት የሚያደርግ መርዝ ከፈለጋችሁ ሌላ ግዙ። ይሄኛው ሥራው ትንኝ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

እጭ ትንኝ ሲሆን አሮጌው ሰውነቱ ብዙው ይፈርሳል። ለምሳሌ የአንጀቱ ሴሎች ራሳቸውን እንዲያጠፉ ይታዘዛሉ፣ በቦታቸው የትንኝ አንጀት ይሠራል። አዛዡ ኤክዳይሰን የሚባል ሆርሞን ነው። ትእዛዙ በትክክል እንዲፈጸም ግን ጁቨናይል ሆርሞን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ቀደም ብሎ ዞር ማለት አለበት፤ እሱ እያለ ሰውነቱ ገና ልጅ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ሜቶፕሪን ደግሞ ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ መሞት የነበረባቸው የአንጀት ሴሎች አንሞትም ይላሉ፣ አዲሱ አንጀትም በወጉ አይሠራም። ሴሎቹ ስላልሞቱ ባለቤታቸው ይሞታል ማለት ነው። (ይህ ኤደስ ኢጂፕቲ በሚባለው የትንኝ ዓይነት ላይ በደንብ የታየ ነገር ነው።)

ስለዚህ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ መታየት ያለበት እጩ ሳይሆን ፑፓው ነው፣ ከእጭ በኋላ ትንኝ ከመሆኑ በፊት ያለው፣ ያ ጎበጥ ያለው፣ ምግብ የማይበላው። በነጭ ኩባያ ጨለፍ አድርጌ ሳይ ብዙዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። አንዱ ጭንቅላቱና ደረቱ ወጥቶ እግሮቹ ቅርፊቱ ውስጥ እንደተያዙ ቀርቷል። ያኔ ነው ያመንኩት።

ጉድለት አለው። ቀድሞ ፑፓ የሆነውን እምብዛም አይነካም፣ የሚበርረውንማ ጭራሽ፤ ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ መነከሳችሁ አይቀርም። ፀሐይ ደግሞ ሜቶፕሪንን ቶሎ ታፈርሰዋለች፣ ለዚህ ነው ከፈሳሹ ይልቅ እንክብሉን የመረጥኩት። እጩ ለመለወጥ ሲቃረብ መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በመመሪያው ምክንያት ነው፦ «ነፍሳትን ያጠፋል» ብሎ ዝም! እጩ መዋኘቱን እንደሚቀጥል በአንድ መስመር ቢጽፉ ኖሮ ያ ሁሉ አንድ ኮከብ ባልተደረደረባቸው።