ጨዋታን በአንድ ንክኪ ማስገባት የቀረበት መደብር

ደሴ ሆኜ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን በጥቅል ከሚሸጥ አንድ የውጭ አገር የኢንተርኔት መደብር ለዓመታት ገዝቻለሁ፤ ክፍያውን የምትፈጽምልኝ ውጭ የምትኖረው እህቴ ናት። መደብሩን የወደድሁት ከዋጋው ይልቅ፣ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መሸጫና ማጫወቻ መድረክ ላይ ያለኝን አካውንት አንድ ጊዜ ካገናኘሁ በኋላ ስልኬን አንዴ በመንካት ብቻ የተገዛው ጨዋታ በቀጥታ ወደ ስብስቤ ይገባልኝ ስለነበረ ነው። አሁን ይህ አገልግሎት ተነሥቷል። ገዢው በአምስት አምስት ተከፍሎ የተጻፈውን ባለ 15 ፊደልና ቁጥር ኮድ ገልብጦ ራሱ ስቲም ላይ ማስገባት አለበት፤ ጥቅሉ 10 ጨዋታ ካለው ሥራው 10 ጊዜ ይደገማል። የስቲም ፕሮግራም በኮምፒውተር ሲከፈት ብዙ ጊዜ ራሱን ማደስ ስለሚጀምር፣ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ወጪው ቀላል አይደለም። ፒያሳ ወርዶ ኢንተርኔት ቤት መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሌን በሰው ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ያሳስበኛል። እንደ እኔ የተቸገረ ካለ፣ ኮዱን ፕሮግራሙን ሳይከፍት በስልኩ አሳሽ በስቲም ድረ ገጽ ላይ ማስገባት እንደሚችል ይወቅ፤ አንዳንድ ኮዶች የጊዜ ገደብ ስላላቸውም አያቆያቸው። ምርጫውና ዋጋው አሁንም ጥሩ ነው። ከ5 ኮከብ 3 የሰጠሁት በዚህ ለውጥ ምክንያት ብቻ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ከተመለሰ ደስ እያለኝ አስተካክለዋለሁ።