ቲትሊስ፣ ዩንግፍራውዮኽ ወይስ ፒላቱስ? ከዙሪክ የግል አስጎብኚ ይዞ ተራራ ለሚወጣ ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተራራ ቲኬት ለማንም ያው ነው። በባቡር ብቻውን የመጣ፣ ከሃምሳ ሰው ጋር በአውቶቡስ የመጣ፣ ሾፌርና አስጎብኚ ተከራይቶ የመጣ ሁሉ እዚያው ኬብል ካር ላይ ይሳፈራል፤ ሰልፉም አይለይም። የግል ጉዞ ለአንድ መኪና ብዙ ጊዜ ከ1,000 ፍራንክ በላይ ይጠየቅበታል። ለዚህ ገንዘብ የምታገኙት ዋናው ነገር ጠዋት ሰማዩን አይታችሁ ሰዓቱን ወይም ተራራውን መቀየር መቻላችሁ ነው። ይህ መብት ውሉ ላይ ካልሰፈረ የተከራያችሁት ውድ ታክሲ ነው። ከዙሪክ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ብዙ ሰው የሚያማርጣቸውን ሦስቱን ተራሮች የምናወዳድረውም በዚሁ መለኪያ ነው።

| | ቲትሊስ | ዩንግፍራውዮኽ | ፒላቱስ |
|---|---|---|---|
| የላይኛው ጣቢያ ከፍታ | 3,020 ሜትር | 3,454 ሜትር | 2,100 ሜትር ገደማ |
| ከዙሪክ በመኪና | እስከ ኤንግልበርግ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ | እስከ ግሪንደልዋልድ 2 ሰዓት ገደማ | እስከ ክሪንስ 1 ሰዓት የማይሞላ |
| ከታች እስከ ላይ | 30–45 ደቂቃ | 45–60 ደቂቃ | 30–40 ደቂቃ |
| የአዋቂ ደርሶ መልስ፣ ሙሉ ዋጋ | 100 ፍራንክ አካባቢ | እንደ ወቅቱ 200 ፍራንክ ግድም | 80 ፍራንክ አካባቢ |
| በሃፍ ፌር ካርድ (የግማሽ ዋጋ ካርድ) | ግማሽ | ግማሽ | ግማሽ |
| በስዊስ ትራቭል ፓስ (ለቱሪስት የሚሸጥ የጉዞ ማለፊያ) | ግማሽ | ከግሪንደልዋልድ ጀምሮ 25 በመቶ ቅናሽ | ግማሽ |
| የግል አስጎብኚ | ያዋጣል | ለትልቅ ቤተሰብ ብቻ | አያስፈልግም |

ዋጋዎቹ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ለማመዛዘን ግን ይበቃሉ።

ቲትሊስ

ለግል ጉዞ የሚመቸው ይኼኛው ነው። መኪናው 1,000 ሜትር ላይ ካለችው ኤንግልበርግ ድረስ፣ ኬብል ካሩ ሥር ያደርሳችኋል። ከዚያ የምትሳፈሩበት ጎንዶላ ሳያቋርጥ የሚዞር ስለሆነ የተቆረጠ ሰዓት የለውም፤ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ የሚያመልጣችሁ ነገር አይኖርም። ጎንዶላው ትሩብዜ የተባለውን ሐይቅ (1,800 ሜትር) አልፎ ሽታንድ (2,428 ሜትር) ያወጣችኋል። ከሽታንድ እስከ ላይ ያለውን የመጨረሻ ክፍል ሮቴር ይወስደዋል፤ በ1992 ሥራ ሲጀምር በዓለም የመጀመሪያው እየተሽከረከረ የሚወጣ ኬብል ካር ነበር። አምስት ደቂቃ በሚፈጀው ጉዞ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ስለሚዞር መስኮት ለመያዝ መጋፋት ትርፉ ድካም ነው።

ሰው የሚጨናነቀው ሽታንድ ላይ ነው። የቡድን አውቶቡሶች አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት (10:00–11:00) ድረስ ስለሚደርሱ የሮቴር ሰልፍ ያን ጊዜ ይረዝማል። ከዙሪክ ጠዋት 1 ሰዓት (7:00) የተነሳ ግን 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ኤንግልበርግ ነው፤ አውቶቡሶቹ ሲመጡ እሱ ላይኛውን ክፍል ጨርሷል። ሲመለስ ትሩብዜ ላይ ወርዶ ሐይቁን መዞር ይችላል፤ ዙሩ ለልጆችም የማይከብድ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በአውቶቡስ የመጣ ለዚህ ጊዜ አይተርፈውም፤ የግል ጉዞ ገንዘቡን የሚመልሰውም እዚህ ላይ ነው።

ላይ የሚጠብቃችሁ በበረዶው ግግር ውስጥ የተቦረቦረው ዋሻና ክሊፍ ዎክ የሚባለው ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ድልድዩ በ2012 መጨረሻ የተከፈተ ሲሆን 100 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነው፣ ከባሕር ወለል 3,041 ሜትር ላይ ይገኛል። መግቢያው በቲኬቱ ውስጥ ነው። የላይኛው ጣቢያ በእነዚህ ዓመታት ዳግም እየተገነባ ስለሆነ በምትሄዱበት ሳምንት ምን ክፍት እንደሆነ አስጎብኚውን በጽሑፍ ጠይቁት።

የቲትሊስ ጠላት ነፋስ ነው። ከደቡብ የሚነፍሰው ፎን ሲበረታ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ሮቴር ይቆማል፤ ያን ቀን መጨረሻችሁ ሽታንድ ወይም ትሩብዜ ነው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የላይኛው ክፍል መሥራቱን መስኮቱ ላይ ጠይቁ። በየዓመቱ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ላይ ይውላል።

ዩንግፍራውዮኽ

ስሙ ከሦስቱ ገናና ነው፤ የግል አስጎብኚ እጁ የሚታሰረውም እዚህ ነው። ከግሪንደልዋልድ ተርሚናል በ2020 የተከፈተው አይገር ኤክስፕረስ በ15 ደቂቃ 2,320 ሜትር ላይ ወዳለው አይገርግሌቸር ያወጣችኋል። ቀሪውን 26 ደቂቃ ያህል በባቡር ነው። ሐዲዱ ከ1896 እስከ 1912 ዓለት ተበስቶ የተዘረጋ በመሆኑ መንገዱ ከሞላ ጎደል ዋሻ ውስጥ ነው። በአውሮፓ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያም መድረሻው ነው። በጁላይና በኦገስት ለዚህ ባቡር ወንበርና ሰዓት ሳይያዝ መሄድ አይታሰብም። ወንበሩ ከተያዘ በኋላ «ትንሽ ቆይተን እንነሳ» ማለት ቀርቷል፤ መንገድ ላይ መጨናነቅ ገጥሟችሁ ባቡሩ ቢያመልጣችሁ ሾፌሩ የሚያደርግላችሁ ነገር የለም። ከወንበራችሁ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሩብ ቀደም ብላችሁ ተርሚናሉ መድረስ አለባችሁ፤ ጎንዶላውና መሸጋገሪያው ብቻቸውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳሉ።

ቀኑን ደምሩት። መኪና ውስጥ 4 ሰዓት፣ ወጥቶ ለመውረድ 2 ሰዓት፣ ላይ ለመቆየት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ምሳና ሰልፍ ሲጨመር 10 ሰዓት ያልፋል። የሾፌር የሥራና የማሽከርከር ሰዓት በሕግ የተወሰነ ነው። ብዙ ውሎች 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይቆሙና ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት ለብቻው ይከፈላል። የዩንግፍራው የግል ጉዞ ሒሳብ መጨረሻ ላይ የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አየሩን በተመለከተ ዩንግፍራው የቲትሊስ ተቃራኒ ነው። ባቡሩ በዋሻ ስለሚሄድ ነፋስ ብዙም አያግደውም፤ ደመና ግን ሁሉን ነገር ይወስደዋል። ባቡሩ እየሠራ ስለሆነ ገንዘብ አይመለስም፤ እናንተ ደግሞ 200 ፍራንክ ከፍላችሁ ነጭ ግድግዳ ታያላችሁ። ሲጠራ ግን ወደር የለውም። በአልፕስ ረጅሙ የአሌች የበረዶ ግግር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል (ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው)፤ ስፊንክስ የተባለው መመልከቻም በሊፍት 3,571 ሜትር ያደርሳችኋል። ከተከለለው የበረዶ መንገድ ፈቀቅ አትበሉ፤ ለስላሳ በሚመስለው በረዶ ሥር ጥልቅ ስንጥቆች አሉ።

የእኛ ፍርድ፦ ሁለት ሰው ከሆናችሁ የግል ጉዞውን ተዉትና አንድ ሌሊት ግሪንደልዋልድ ወይም ኢንተርላከን አድራችሁ በጠዋቱ ባቡር በራሳችሁ ውጡ። እናትና አባት፣ ልጆችና ሻንጣ ይዛችሁ አምስት ስድስት ሰው ከሆናችሁ ሚኒቫኑ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ያን ያህል አይከብድም፤ ሽማግሌዎቹንም ባቡር ከመቀያየር ያድናቸዋል።

ፒላቱስ

እዚህ አስጎብኚ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው። ከሉሴርን በመርከብ ወደ አልፕናክሽታድ፣ ከዚያ በ1889 በተከፈተውና 48 በመቶ ተዳፋት በሚወጣው፣ በዓለም ከሁሉ የበለጠ ቀጥ ያለ ዳገት በሚወጣ የጥርስ ባቡር (ጥርስ ባለው ሐዲድ የሚሄድ) ወደ ላይ፣ በኬብል ካር ወደ ክሪንስ፣ በከተማ አውቶቡስ ወደ ሉሴርን፤ ዙሩ ራሱን በራሱ ይመራል። የጥርስ ባቡሩ የሚሠራው ከሜይ አጋማሽ እስከ ኖቬምበር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ የምትወርዱት በክሪንስ በኩል ነው። ሦስቱም ጣቢያዎች «ጫፍ» እየተባሉ ይሸጣሉ፤ እውነተኛ ጫፍ ላይ በደረጃ በአሥር ደቂቃ የምትደርሱት ግን እዚህ ብቻ ነው፤ ስሙም ኤዘል ይባላል። ዩንግፍራውዮኽ በሁለት ተራሮች መካከል ያለ ኮርቻ ሲሆን የቲትሊስ ትክክለኛ ጫፍም ከጣቢያው ከፍ ብሎ 3,238 ሜትር ላይ በረዶ ውስጥ ነው።

አስጎብኚና የተራራ መሪ አንድ አይደሉም

ቱሪስት የሚያስጎበኝ ሰው ከጣቢያው አጥር ውጭ በበረዶ ግግር ላይ ሊመራችሁ አይችልም። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የስዊዘርላንድ ሕግ ይህ ፈቃድ ያለው የተራራ መሪ ሥራ ነው። ገመድና ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፤ ዋጋውም ለብቻው ነው። «እስከ ቲትሊስ ጫፍ በእግር እንወስዳችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ማን እንደሚመራና ፈቃዱን ጠይቁ።

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር «የግል» የሚለው ነው። አንዳንዱ ዋጋ ሾፌር ብቻ ነው፤ ሰውዬው መኪና ማቆሚያው ላይ ይጠብቃችኋል። አስጎብኚው አብሮ የሚወጣ ከሆነ የእሱ ቲኬት በማን ሒሳብ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

ገንዘቡ ሲሰላ

ሁለት አዋቂዎች ከዙሪክ ወደ ቲትሊስ በራሳቸው ቢሄዱ በሙሉ ዋጋ ባቡሩና ኬብል ካሩ ተደምሮ 400 ፍራንክ አካባቢ ይፈጃል። መኪናና አስጎብኚ በ1,200 ቢከራዩና ቲኬቱ ለብቻው ቢሆን 1,400 ይሆናል። ለሁለት ሰው የ1,000 ፍራንክ ልዩነት የሚያሳምን ምክንያት ማግኘት ይከብዳል። ስድስት ሰው ሲሆን ግን መኪናው በነፍስ ወከፍ 200 ነው፤ የባቡሩ ቲኬት ሲቀነስለት ልዩነቱ 110 ገደማ ይቀራል። መስመሩ አራት ሰው ላይ ነው እንላለን፤ ከዚያ በታች የቡድን አውቶቡስ ወይም ባቡር፣ ከዚያ በላይ የግል መኪና። የቡድን አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ግን ዝናብም ቢሆን ፀሐይ በተባለው ሰዓት ወደ ተባለው ተራራ ይሄዳል፣ ሉሴርን ላይ ለገበያ የሚቆምበት ሰዓትም ከቀናችሁ ላይ ይቀነሳል።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወላጅ የስዊስ ትራቭል ፓስ ወይም ሃፍ ፌር ካርድ ሲይዝ ከ6 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆቹ የፋሚሊ ካርድ (ልጆቹ ከወላጅ ጋር በነፃ የሚጓዙበት) በነፃ ይሰጠዋል፤ ሦስቱም ተራሮች ይቀበሉታል። አንዳንድ የጥቅል ዋጋ ግን ልጁን በግማሽ ያስከፍላል። ቲኬቱን ከጥቅሉ አስወጥታችሁ ራሳችሁ ቁረጡ። ዕድሜያቸው 12 ያልሞላ፣ ቁመታቸውም ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆኑ ልጆች መኪናው ውስጥ የልጅ ወንበር ግዴታ ስለሆነ ዕድሜና ቁመታቸውን አስቀድማችሁ ላኩ፤ ጠዋት ላይ ከተነገረ ሾፌሩ አይነሳም።

ቀብድ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ የሚያዙ ነጥቦች

ተራራው እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየራል? ከጉዞው ዋዜማ ምሽት 12 ሰዓት (18:00) በፊት የሚዘጋ ከሆነ ደካማ ውል ነው። ቲኬቱ መቼ ይገዛል? ጠንቃቃ አስጎብኚ የተራራውን ቀጥታ ካሜራዎች ሳያይ አይገዛም። ኬብል ካሩ በነፋስ ቢዘጋ የሚመለሰው ቲኬቱ ብቻ ነው ወይስ መኪናውም? ስንት ሰዓት ተካቷል፣ ትርፍ ሰዓቱስ በስንት? የመነሻ ሰዓቱንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር አጽፉት፤ «በ2 ሰዓት» እና «በ8» መሳሳት ሙሉ ቀን ያስከፍላል።

ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ደግሞ በሆቴሉ መስኮት አይታችሁ አትሰርዙ። ዙሪክና ሉሴርን በግራጫ ጉም ተሸፍነው ሳለ የጉሙ ጣሪያ ብዙ ጊዜ 1,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው በካሜራ እንጂ በመስኮት አይደለም።

ከፍታ፣ ልብስ፣ ምግብ

ፒላቱስ ከአዲስ አበባ ያነሰ ከፍታ ነው፤ ቲትሊስ ከእንጦጦ ጋር ይቀራረባል። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ሰው በሁለቱም ብዙም አይቸገርም። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ግን ዩንግፍራውዮኽ ላይ ራስ ምታትና ማዞር ሊያገኘው ይችላል፤ ደረጃ ላይ አለመሮጥ፣ ውኃ መጠጣት፣ ካልተሻለው በሚቀጥለው ባቡር መውረድ ነው መድኃኒቱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ፤ ጨቅላ ሕፃን ዩንግፍራው ላይ ባይወጣ ይመረጣል።

በጁላይም ላይ ዩንግፍራውዮኽ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል። የማይንሸራተት ዝግ ጫማ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጓንት፣ ጥቁር መነጽርና የፀሐይ ክሬም ያዙ፤ የበረዶ ነጸብራቅ ደመና ባለበት ቀንም ፊት ያቃጥላል።

የፍልሰታ ጾም (ኦገስት 7–21) ከጉብኝቱ ጫፍ ወቅት ጋር ስለሚገጥም ለሚጾም ሰው ምግብ ያስቸግራል። ዩንግፍራውዮኽ ላይ ያለው የህንድ ምግብ ቤት ምስርና አትክልት ስለሚያቀርብ ይሻላል፤ ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። የሃላል ሥጋ የሚፈልግም እዚያው ጠይቆ ያረጋግጥ። በቲትሊስ መንገድ ስንቅ መያዝ ይቀላል፤ ትሩብዜ ዳር አግዳሚ ወንበር አይጠፋም።